ጋሼ ወንጌል እሺ ብለዋል

ዘቢደር ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአበሻ ምግብ ቤቶቹ በላይ ባለች ስቱዲዮ ትኖራለች። ሥራዋ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ብዙ ሰው ሸኝታለች፤ ስለ ሞቱት አታወራም። የምታወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቫንጌል ይባላሉ፤ አልባኒያዊ ናቸው። እሷ ግን «ጋሼ ወንጌል» ነበር የምትላቸው። እዚያው ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር አፓርታማ ሲጠግኑ አረጁ። ስለ ሎስ አንጀለስ የሚያወሩት አልነበራቸውም። ወሬያቸው ስለ መንደራቸው ነበር፤ ተራራ ላይ ስላሉ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች። ከመንደሩ በላይ ኢሊሪያ ይባል የነበረው የጥንት አገራቸው ነገሥታት መቃብሮች ከዐለት ተፈልፍለው ይገኛሉ። ቱሪስት ፎቶ ሊያነሳ ይመጣል።

«ባዶ ናቸው» ይሏታል። «ነገሥታቱን ሌባ ወሰዳቸው። ከታች ያሉት የእኛ ገበሬዎች ግን አንድም አልጎደለ። እናቴም እዚያ ናት። ከጎኗ ቦታ አለኝ።»

«ቦታ ይዘው ነው እንዴ አሜሪካ የመጡት?»

«ፓርኪንግ መሰለሽ? ማንም አይወስድብኝም።»

ከዚያ ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ተዘጋ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ልጃቸው አርበን እዚያው ከተማ ካለው ዌስትቼስተር ደወለ፤ ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። እሱ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደው።

«ስፒከር ላይ አድርጊኝ» አላት። ቀጠለ፦ «አባዬ፣ አስከሬን እዚያ ተራራ ድረስ መውሰድ ጣጣ ነው። ብናቃጥልህና አመድህን ይዤልህ ብሄድስ?»

ሽማግሌው ዘቢደርን አዩ። ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው መለሱና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምን አለ?» አለ አርበን።

በዘቢደር አገር ሰው ከንፈሩን የሚመጥጠው ሲያዝን ነው። ራሱን ከፍ ዝቅ ካደረገ ደግሞ ተስማምቷል።

«ከፍቷቸዋል፤ ግን እሺ ብለዋል» አለች።

ሽማግሌው እንደገና ከንፈራቸውን መጠጡ። ደጋገሙት። እጃቸውን ያዘችና «አይዞዎት ጋሼ» አለቻቸው።

በሞቱ በሳምንቱ ተቃጠሉ።

ዘቢደር የሽማግሌውን ቤት ቁልፍ ልትመልስ አርበን ጋ ስትሄድ፣ መንደር ካሉት አክስቱ ጋር በቪዲዮ እያወራ አገኘችው። በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ጥቁር ሻሽ ያሰሩት አሮጊት ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡ። አርበን ስልኩን ዘጋ።

«አመዱን ላምጣ ወይ ብዬ ነበር» አለ።

«እሺ አሉ አይደል?» አለች ዘቢደር፣ ቀለል ብሏት።

«ኖ! እምቢ ነው ያለችው። የተቃጠለ ሰው ከእኛ ጋር አይቀበርም ነው የምትለው። ያ ራስን ቀና አድርጎ ከንፈር መምጠጥ እነሱ ጋ እምቢ ማለት ነው። አባዬ እንኳ አሜሪካ ሲቆይ ትቶት ነበር።» ድንገት አያት። «አባዬም እንደሷ ነው ያደረገው?»

ዘቢደር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አበሻ «አዎ» ሲል እንደዚያ ነው።

አርበን «እንዴት ተደርጎ!» ብላ የደነገጠች መሰለው። ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

«ኦኬ፣ ኦኬ። ሶ፣ እንደዚያ አላደረገም ማለት ነው። ጥሩ።»

ዘቢደር ያን «አዎ» አልደገመችለትም። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አመዱ ዌስትቼስተር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከእናታቸው ጎን ያለው ቦታም እንደ ነገሥታቱ መቃብር ባዶውን ቀርቷል።