በሙት የቀና ሰው

ቢቂላ የሚቀናው በሞተ ሰው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለማንስ ይነገራል? ቃሊቲ፣ የከባድ መኪና ተሳቢ የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ንግግሩ ቁጥብ፣ ከመጠጥም ከጠብም የራቀ ሰው ይሉታል። ዳሲቱን ሲያገባት ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ የምታሳድግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ሟቹ ባሏ የሺዋስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አዳማ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው።

መጀመሪያ ላይ ቢቂላ ስለ ሟቹ ደንታም አልነበረው። ከሄደ ሰው ጋር ምን ግብግብ አለ? ግን የሺዋስ አልሄደም። ሱቅ ሲገባ ባለሱቋ ዙለይኻ የሺዋስ ከመንገድ ሲመለስ ለሠፈሩ ልጆች ብርቱካን ያድል እንደነበር ታወራለታለች። ጋራዡ የሚመጡ ሹፌሮች ስሙን ትተው «የየሺዋስን ቤት የያዘው» ይሉታል፤ ክፋት የለባቸውም፣ ለመለየት ብለው ነው። የእንጀራ ልጁ ሊዲያ ስትስቅ እንደ አባቷ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ያን ጊዜ የዳሲቱ ዓይን ለአፍታ ሌላ ቦታ ደርሶ ይመለሳል። ቢቂላ ያቺን አፍታ ይጠብቃታል፤ ስትመጣ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ ያስቀምጣል።

በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ይሻለው ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ያረጃል፣ ይሰለቻል፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ያመልጠዋል። የሺዋስ ግን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ሸሚዙ እንደነጣ፣ ፈገግታው እንደሞላ ቀረ። ቢቂላ ደክሞት ገብቶ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ቢያጉረመርም፣ ፎቶው ቁልቁል እያየ የሚታዘበው ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚብስበት ፋሲካ ነበር። የየሺዋስ እናት እማማ ፀሐይቱ አቃቂ በሰቃ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው በሕይወት ሳለ ጾም የሚፈቱት እዚህ ቤት ነበር። ቢቂላ ከገባ በኋላ ግን በየዓመቱ አንድ ሰበብ ይገኛል፤ አንዴ ወደ እሱ ዘመዶች ይኬዳል፣ አንዴ እንግዳ አለ ይባላል። አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው መጠየቁን ተዉት። ዳሲቱ በማግስቱ ምግብ ቋጥራ ትሄድላቸዋለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ይሆናል። ቢቂላ ለማን እንዳለቀሰች ስለሚያውቅ አይጠይቅም።

ዘንድሮ በሕማማት ሳምንት ቤቱን ለበዓል ቀለም ልቀባ ብሎ ፎቶውን አወረደው። ቀለሙ ደረቀ፤ ፎቶው ግን ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ቀረ። ዳሲቱ ግድግዳውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ሊዲያ ግን አባቴስ ብላ ጠየቀችው። ይሰቀላል አላት። የገዛ ድምፁ ለራሱም ውሸት መሰለው።

በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ። ንባቡ፣ ክርስቶስን ለሞት አሳልፈው የሰጡት ሰዎች ይህን ያደረጉት በቅናት እንደሆነ የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ቢቂላ እንዳጎነበሰ ቀረ። በየዓመቱ የሚሰማው ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን በስሙ የተጠራ ያህል ደነገጠ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሉቃስ የትንሣኤውን ቄጤማ ይዘው መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ መስቀል ተሳልሞ ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አሰረ። ቢቂላ ሊሸኛቸው ወጣና በሩ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ከአፉ አመለጠው።

«አባ፣ እኔ በሞተ ሰው እቀናለሁ» አለ።

ቄሱ አልሳቁም፣ አልገሠጹትምም። የሺዋስን የቀበሩት እሳቸው ናቸው።

«ነገ የማንን ትንሣኤ ነው የምናከብረው?»

«የጌታን ነዋ።»

«እሱ የተነሣው እኛንም ሊያስነሣ ነው፣ ልጄ። አንተ ትነሣለህ፣ ዳሲቱ ትነሣለች፣ የሺዋስም ይነሣል። ያን ቀን ፊት ለፊት ስትገናኙ ምን ትለዋለህ?»

ቄሱ ሄዱ። ቢቂላ በሩን ይዞ ቆመ። እስከዚያ ቀን በትንሣኤ አምናለሁ ሲል ለካ አንድ ሰው ቀንሶ ነበር፤ የሺዋስ ሞቶ እንዲቀርለት ነበር የሚፈልገው። ያ ሰው የሚነሣ ከሆነ ግን፣ ልጁን እያሳደጉ እናቱን ከደጅ መመለስ ምን ይባላል? ባላንጣው አድርጎ ሲያየው የኖረው ሰው፣ ያን ጊዜ አደራ የሰጠው ሰው ሆኖ ታየው። ፎቶውን ከጓሮ አምጥቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሰቀለው። ከዚያ ባጃጅ ይዞ ወደ በሰቃ ሄደ።

እማማ ፀሐይቱ በራቸው ላይ ሲያዩት ዳሲቱ የታመመች መሰላቸው። ጾም አብረን እንድንፈታ ልወስድዎት ነው አላቸው። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አይተውት ነጠላቸውን አነሡ።

ባጃጁ ውስጥ ስለ የሺዋስ እንዲያወሩለት ለመናቸው። እልኸኛ ነበር አሉት፤ አኩርፎ ዳሲቱን ሳምንት ሙሉ ሳያናግራት የከረመበት ጊዜ እንደነበር ነገሩት። ቢቂላ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። ሲታረቅ ግን እንደሱ የሚያስቅ ሰው አልነበረም ሲሉ ደግሞ የድሮው ቅናት መለስ አለበት። ቢሆንም ይጨምሩልኝ አላቸው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ድፎው ሲቀርብ፣ እማማ ፀሐይቱ እንዲቆርሱት ቢቂላ ለመናቸው። እሳቸውም ዳቦውን አስጠግተው፣ ቀና ሳይሉ፣ «የሺዋስ፣ ቢላዋውን አቀብለኝ» አሉ።

ዳሲቱ ሳህን እንደያዘች ቆመች። አሮጊቷ ያሉት የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ይኸው እማማ» አለ ቢቂላ፤ ቢላዋውን በሁለት እጁ አቀበላቸው።

ከበዓሉ በኋላ የመበየጃ ዕቃውን ይዞ በሰቃ እማማ ፀሐይቱ ቤት ሄደና የተገነጠለ የብረት በራቸውን አስተካከለላቸው። ሲበይድ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጄ ቢኖር እንዲህ ያበጅልኝ ነበር አሉ። ቃሉ ወጋው። መዶሻውን አንሥቶ ማጠፊያውን አንዴ ጠንከር አድርጎ መታው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ ብሎ ጠየቃቸው።