ሳይቀመስ የበሰለ እንቁላል

ባሏ ኡበይደላ ከታመመ ጀምሮ ዋፊቃ ቀኗን የምትጀምረው ከጓሮ ነበር። ኡበይደላ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ እየጫነ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ አዳማ ውስጥ በጨዋታው የታወቀ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ሲወርድ ስትሮክ መትቶት ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። ሐኪሙ ለመዋጥ የማያስቸግር፣ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ስጪው ሲላት ዋፊቃ መጀመሪያ የታሰቧት ስድስቱ ዶሮዎቿ ናቸው።

ዶሮዎቹ የሚጥሉት ጭድ በጎዘጎዘችበት አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ነበር። እጇን ሰዳ ትኩስ ትኩሱን ታነሳለች፤ አንዱን ሁልጊዜ ትተዋለች፣ ካልተወች ዶሮዎቹ ቦታ ይቀይራሉ። የመቂ ቲማቲም ልጣ አድቅቃ በጥቂት ዘይት ታቁላላለች፣ እንቁላሉን መታ መታ አድርጋ ትጨምርና ሳይደርቅ ታወጣዋለች። ከደረቀ ያንቀዋል። ስታጎርሰው አገጩን በመዳፏ ትደግፋለች።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የዶሮዎቹ አንገት ይጣመም፣ ክንፋቸው ይወድቅ ጀመር። ፈንግል ነበር። በአራት ቀን ስድስቱም አለቁ። ጉድጓድ ቆፍራ፣ ኖራ ነስንሳ ቀበረቻቸው።

ከአጥሩ ወዲያ ዘርፉ ትኖራለች፤ እሷም ዶሮ ታረባለች። የዋፊቃ ዶሮዎች የዘርፉን ጎመን ጭረው ስለጨረሱ ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ከጎመኑ ይልቅ በኋላ የተጨመረበት ክፉ ቃል ነው ያራራቃቸው። የዚያን ዕለት ግን ዋፊቃ አጥሩ ጋ ቆማ ተጣራች።

«ዘርፉ፣ ዶሮዎቼን ፈንግል ፈጅቷቸዋል። ያንቺዎቹን ዝጊያቸው፣ ዛሬውኑ አስከትቢ። እኔ ግቢሽ አልገባም፤ በጫማዬ ይዤብሽ እንዳልመጣ።»

 ዘርፉ ዶሮዎቿን ዘጋች፣ አስከተበችም፤ አንዲትም አልሞተችባት።

ሑዳዴ ገብቶ ስለነበር ዘርፉ ቤት እንቁላል የሚበላ የለም። በሳምንቱ ማለዳ አራት እንቁላል በሳህን አድርጋ አጥሩ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ። ዋፊቃ ሳህኑን ልትመልስ አጥሩ ጋ መጣች። ዘርፉ ቀድማ በኦሮምኛ «አካም ቡሌ?» ብላ የበሽተኛውን አዳር ጠየቀቻት። በዚሁ ታረቁ፤ ሽማግሌም አልተቀመጠ።

እንግዲህ ረመዳንም ገብቶ ሁለቱም ሴቶች ጾመኞች ስለሆኑ ምግቡን ቀምሶ የሚያስተካክል ሰው አልነበረም። ዋፊቃ ጨዉን የምትጨምረው በግምት ነው። አንድ ጠዋት ኡበይደላ ማንኪያውን በግራ እጁ ገፋው። ደግማ አቀረበችለት፤ አሁንም ገፋው። መኖር የሰለቸው መሰላት። ሳህኑን አስቀምጣ እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ጨው» አለ ኡበይደላ። ትንፋሹን ሰብስቦ «በዛ» ሲል ጨመረ።

ከአሥራ አንድ ወር ዝምታ በኋላ መሆኑ ነው። ዋፊቃ እንደ ደነገጠች ወጥታ ለዘርፉ ነገረቻት፤ ሁለቱም አጥሩን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ዋፊቃ ተመልሳ ሌላ እንቁላል ጠብሳ አበላችው።

ከዚህ በኋላ በቀን ሁለት ሦስት ቃል ያወጣ ነበር። የሚስቱን ስም ጠራ። ተሳቢውን ማን እንደሚነዳው ጠየቀ። ኢድ ባለፈ በአሥረኛው ቀን ግን ሕመሙ ተመለሰበትና ከቀትር በኋላ አረፈ። ዘርፉ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ ዋለች።

ዝናቡ ሲያባራ ዘርፉ ራሷ ያሳደገቻቸውን ሁለት ቄቦች ይዛ መጣች። ዋፊቃ ግቢው ገና አልጸዳም፣ በሽታው አልጠፋ ይሆናል እያለች አመነታች። በመጨረሻ እውነቱን አወጣችው።

«አሁን ማንን ላበላበት ብዬ ነው የማረባቸው?»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?» አለቻት ዘርፉ።

ዋፊቃ ቄቦቹን ተቀበለች። ኅዳር ላይ መጣል ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ለራሷ አንድ እንቁላል ትጠብሳለች። አንዳንድ ቀን ትበላዋለች፤ አንዳንድ ቀን ሳህኑ ላይ እንዳለ ይቀዘቅዛል።