የማገዶ ቤት

አማቴ አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነው። እኔን የልጃቸውን ሚስት ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ያመልጠኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለመድኩት፣ ወደድኩትም። አሁን እቤቴ ውስጥ «አንተ» የሚለኝ ሰው የለም። ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የራሴ ነው።

ባሌ እናቱን ከገጠር ወደ አሶሳ ያመጣቸው ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ ነው። አብረውን እንዲኖሩ ከልቤ ፈልጌ ነበር። ቤታችን ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ውስጡ አያስቀምጥም። ሦስት ቀን እንደቆዩ፣ «ልጄ፣ አንተ እዚህ ውስጥ እንዴት ትተኛለህ?» አሉኝ። ከዚያ ልጃቸውን ሽመል አምጣልኝ አሉት። ሽመል የእኛ አገር ቀርከሃ ነው።

ጓሮ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ራሳቸው ሠሩት። ዐይናቸው ባያይም ጣታቸው ያውቅ ነበር፤ የተሰነጠቀውን ሽመል እየዳበሱ አንዱን ባንዱ ላይ ይጠልፉታል። ጣራውን ዘመዶቻቸው መጥተው በሣር ከደኑላቸው። ጭቃ የሚባል ነገር አልነካውም።

ያን ሰሞን እኔና ባሌ ፋን እንግዛ አንግዛ፣ የመብራቱን ካርድ ማን ይችለዋል እያልን እንጨቃጨቅ ነበር። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ጆግ ውሃ ይዘው ይወጡና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ግድግዳ ይረጩታል። ነፋሱ በእርጥቡ ሽመል መሃል አልፎ ሲገባ ቀዝቅዞ ነው። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ጫማዬን በራፋቸው ላይ አውልቄ ምንጣፋቸው ላይ ዘፍ እል ነበር። ከዚያ የተሻለ እረፍት አላውቅም።

ለዒድ የሥራ ባልደረቦቼን ቤት ጠራሁ። አማቴ እንግዶቹ ሳይመጡ ጋደም ልበል ብለው ወደ ክፍላቸው ገብተው ነበር። ቤት ውስጥ ስለሞቀ ሁላችንም ግቢ ወጥተን ተቀመጥን። በቅርቡ ተዛውራ የመጣች አንዲት ባልደረባዬ ወደ ጓሮ አየት አደረገችና፣ «ያ የፍየል ቤት ነው?» አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፣ ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

«አይ፣ የማገዶ ቤት ነው» አልኳት።

ምን ነካኝ? የአማቴ ክፍል ነው፣ ራሳቸው ናቸው የሠሩት፣ ገብተሽ ብታዪው ከኛ ቤት ይሻላል ብል ምን እሆን ነበር? ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ክፍል ባየሁ ቁጥር እናደድ ነበር።

ከዒድ በኋላ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። እኔ ግንበኛ ጠርቼ ክፍሉን ከውስጥም ከውጭም በጭቃ አስመረግሁት፣ ሲሚንቶ አስለሰንኩት፣ ነጭ ቀለም አስቀባሁት። ለባሌ «ለክብራቸው ብዬ ነው» አልኩት። ለራሴም እንደዚያው ነበር የምለው።

ሲመለሱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉና ብዙ ቆሙ። «ነፋሱ በየት ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው ውሃ ረጩ፤ ውሃው በሲሚንቶው ላይ ወርዶ በራፍ ላይ ተኛ። በማግስቱ ሮጬ ፋን ገዛሁላቸው። እኔ ስወጣ ያጠፉታል። «ለአንድ ሰው ብቻ? ኢስራፍ ነው» ይሉኛል፤ ኃጢአት የሆነ ብክነት ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እርጥብ ሻሽ አናታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ በላብ ተጠምቀው አገኘኋቸው። ልስኑን ነገ አስፈርሰዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል አልኩና ተውኩት።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ወደ አገሬ ልሂድ አሉ። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩም። ጓዛቸውን እየቋጠሩ እጄን ያዙኝ።

«አንተ ክፉ አይደለህም» አሉኝ። «ቤቱም አሁን ጠንካራ ነው። ማገዶ አስቀምጥበት።»

ባጃጁ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አልገባኝም ነበር። ለካ ሽመል የሚያስገባው ነፋስ ብቻ አይደለም። በዒድ ቀን እኛ ከተቀመጥንበት እስከዚያ ግድግዳ ስምንት እርምጃ አይሞላም።

በዓመቱ ልስኑን አስፈረስኩት። ውስጡ ያለውን ሽመል ምስጥ በልቶት፣ ስንነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። እንደዚያ አድርጎ መጥለፍ የሚችል ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። የተረፈውን ግድግዳ መልሰን መረግነውና ማገዶና ከሰል አስገባንበት። ፋኑ እኔ መኝታ ቤት ነው፤ ካርዱን ይበላል፣ የሚነፋው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ገጠር ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጆጋቸውን አንስተው ግድግዳውን ረጩልኝና ነፋሱ በሚገባበት በኩል አስቀመጡኝ። «መንገዱ ፀሐይ ነው፣ አንተ ደክሞሃል፣ ተኛ» አሉኝ። ተኛሁ፤ ስነቃ መሽቶ ነበርና ምንም ሳልናገር ተመለስኩ።