ስም ያልወጣለት በተን

ባለቤቴ ባረፈ ሰሞን ታላቅ እህቱ ስልኩን ወስደው በውስጡ ያለውን ሁሉ አስጠፉት። ክፋት አልነበረበትም። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ከሚስቱ ዓይን ቶሎ ይሰወራል፣ ፎቶውም ከግድግዳ ይወርዳል። እሳቸው ስልኩንም እንደዚያው ነው ያዩት። ቃሊቲ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄደው እንደ አዲስ አስደረጉትና ሠልስቱ ሳይወጣ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ።

"እያየሽው እንዳትቃጠዪ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ምን እንደጠፋ የገባኝ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ዓይነ ስውር ነበር። ሁለታችን አቃቂ በምንኖርባት ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነን የስልክ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ተራርቀው ያሉ ሰዎች አንድ ጽሑፍ አብረው ይጽፉበታል፣ ድምፃቸውንም ይተውበታል። የተዉት ነገር የሚከፈተው በራሳቸው ስልክ ብቻ ነው፤ የሠራነው እኛ እንኳ መክፈት አንችልም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ደግሞ ያለማንም እርዳታ ሊጠቀምበት ይገባል። "እኔ እድሜዬን ሙሉ ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ። ለብቻዬ ያነበብኩት ነገር የለኝም" ይል ነበር።

አንድ ነገር ሠርቼ በጨረስኩ ቁጥር "ሸፍኚው" ይለኛል። ነጠላዬን ስክሪኑ ላይ ጣል አድርጌ፣ እያንዳንዱን በተን በስሙ እየጠራ የሚያነበውን የስልኩን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ መንገዴን እፈልጋለሁ። ስጠፋ ይስቅብኛል። "ዛሬም ገደል ገባሽ!"

ፕሮግራሙን የሚሞክሩልን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የሳሪስ አቦ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌና ቱሉ ዲምቱ የምትኖር አንዲት ሴት። ሁለቱም አያዩም። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሆነው ጉድለቱን በድምፅ ይነጋገሩበታል፤ ውሎ አድሮ የሆድ የሆዳቸውንም መጫወት ጀመሩ። እኔን አላስገባኝም። "አንቺ ካለሽ ያፍሩሻል፣ ሥራሽን አያሙልኝም" አለኝ።

እናም የባለቤቴ ድምፅ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። የተላከው ሁሉ በሚከማችበት ሰርቨር ላይ የተቆለፉት ቅጂዎች ይታዩኛል፤ የትኛው የእሱ እንደሆነም አውቃለሁ። መክፈቻው ግን እህቱ ባስጠፉት ስልክ ውስጥ ነበር። ሌላው መንገድ አንድ ነው፦ አዲስ ሰው የሚገባው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲስማሙ ነው። "ሁሉም" የሚለውን ያስጨመረው እሱ ራሱ ነው።

ሽማግሌው ወዲያው ተስማሙ። "የእኔ ምስጢር የወገብ ሕመም ነው፣ ልጄ። እሱንም ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።"

ሴትዮዋ ግን "አልችልም" አለችኝ። "እዚያ የተናገርኩትን ለእናቴም አልነገርኩም።"

"የእሱን ብቻ ነው የምሰማው።"

"እህቴ፣ እሱ እኮ ለእኔ ሲመልስልኝ ነው የቀዳው። እሱን ከሰማሽ እኔን ሰማሽኝ ማለት ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ማልቀሱን ተውኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የፕሮግራሙን ማሻሻያ ወደየስልካቸው የምልከው እኔ ነኝ። ጥቂት መስመር ኮድ ብጨምርበት ስልኮቻቸው መክፈቻውን ለእኔ ያቀብላሉ። ሁለቱም አያዩም፤ የሚያነብላቸው ድምፅ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጻፍኩት። መላክ ብቻ ቀረው። ባሌ ነው፣ ድምፁ የእኔ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ቤቱን ስጠርግም፣ ሽንኩርት ስከትፍም ኮምፒውተሩ ወዳለበት ላለማየት ፊቴን አዞር ነበር።

እዚያው ሳለሁ ሴትዮዋ ደወለች። "እስኪ ቤቴ ነዪ።"

በሚኒባስ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና ማዳመጫውን በራሷ ጆሮ ሰካች። ድምፁን አፍጥና ታሳልፈው ጀመር፤ ከማዳመጫው የሚወጣው የጫጩት ጫጫታ ይመስላል።

"ቆዪ… ይሄ አይሆንም… ይሄም አይሆንም… ኧረ ይሄስ በጭራሽ!" ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ማዳመጫውን ነቅላ እጄን ፈልጋ አስያዘችኝ።

እሱ ነበር። ከኋላው የጎረቤታችን በር ሲንቋረር ይሰማል።

"ከታች በስተቀኝ ያለው በተን ስም አልወጣለትም። 'በተን' ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነካሁትና የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ። ለእሷ ዛሬ አትንገሩብኝ፤ ራስ ምታቷ ተነስቶባት ነው የዋለችው። ሲሻላት እኔ እነግራታለሁ።"

አልነገረኝም። የራሱ ሕመም ቀደመው።

"ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ።

"ሌላስ አለ?"

"አለ። ግን የእኔ አለበት።"

አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩትን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ፕሮግራሙን አሁንም ታምኚዋለሽ?" ብቻ አልኳት።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!"

ቤቴ እንደገባሁ ያንን ሳልልከው ያቆየሁትን ማሻሻያ አጠፋሁት። ለበተኑ "ጽሑፉን አጥፋ" የሚል ስም አወጣሁለት፤ ከማጥፋቱ በፊት እንዲጠይቅም አደረግኩ። ጥቁሩን ነጠላዬን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ጣልኩና በጆሮዬ ፈለግኩት። አገኘሁት። ገደል ገባሽ የሚለኝ አልነበረም።

ያጠፋሁት ግን ከጭንቅላቴ አልጠፋም። እንደገና ለመጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የእሱ ድምፅም እዚያው ተቆልፎ አለ። ስለዚህ ማንኛውም ማሻሻያ ሽማግሌው በስልካቸው ካልፈቀዱ እንዳይሄድ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ፈቃድ በፈለግኩ ቁጥር ግን ይደውሉልኛል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትልኪ ነው፣ ልጄ?"

በአፌ መናገር አለብኝ። እስካሁን አልዋሸኋቸውም።