ቀዩ፣ ብርማውና የሙሽራዋ ወንበር

ሰውዬው የራሱ ስም አለው፤ ግን ትከሻው ላይ መወልወያ ስለማትጠፋ ሠፈሩ «ጨርቁ» ብሎ አጽድቆበታል። ሥራው የአንድ ሀብታም ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ የተኙ ሁለት መኪኖችን፣ አንድ ቀይና አንድ ብርማ፣ መንከባከብ ነው። ሁለቱም ባንድ ዘመን የተሠሩ፣ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ፣ ዝናብ ነክቷቸው የማያውቅ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውላቸዋል፤ ጎማቸው ባንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽም በእጁ እየገፋ ፈቀቅ ያደርጋቸዋል። መንዳት የባለቤቱ ብቻ ነው።

የጨርቁ ሴት ልጅ ሠርግ ሲደርስ ሽማግሌው፣ «አንዱን ምረጥ፤ ሙሽራዋን እኔው ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ» አሉት። ጨርቁ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ልጁ ያደገችው ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ አባት ነው፤ ይህ ሲያንገበግበው ኖሯል። አሁን የዚያ ሁሉ ካሳ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«የቀዩ በር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ለቀሚስ ይመቻል። ግን ሞተሩ ጀርባ ይጠብሳል። ብርማው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ግን መሬት ሊስም ምንም ስለማይቀረው ተንበርክከሽ ነው የምትገቢው። ቀዩ ሲነሳ ሠፈር ይረብሻል፤ ብርማው ጨዋ ነው፤ ካኮረፈ ግን የሚያስታርቀው የለም» ይላታል ልጁን።

«አማችህንም እንዲህ አገላብጠህ ብታየው ምን ነበረበት?» አለች ሚስቱ።

በመጨረሻ ልጅቷን ቀሚሷን አስለብሶ ጋራዥ ወሰዳት። ቀዩ ውስጥ ተቀመጠች። ብርማው ውስጥም እንደምንም ገባች።

«እህ፣ የቱ ይሻላል?» አላት።

«ሁለት ወንበር ብቻ ነው እንዴ ያላቸው?»

«አዎ። አንዱ የጋሼ፣ አንዱ ያንቺ።»

«አንተስ፣ አባዬ?»

ጨርቁ ብርማው ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ቆጠረ። ሄዶ የቀዩንም ቆጠረ። ስንት ነገር ሲያወዳድር ከርሞ ይህን አላየም፤ አንዳቸውም ውስጥ ተቀምጦ አያውቅማ።

«እኔማ እገፋለሁ» አለ፣ ሊያስቃት።

አልሳቀችም። «ሠርጉ ቅዳሜ ነው» አለች። «አንዷን ቅዳሜ እንኳ ከእኔ ጋር ዋል።»

በሠርጉ ዕለት የጎረቤታቸው አሮጌ ታክሲ መጣ። የኋላ በሩ ስለማይዘጋ ጨርቁ ባንድ እጁ በሩን፣ በሌላው የልጁን እጅ ይዞ ተቀመጠ።

«በሩ አይዘጋ፣ ወንበሩ ይወጋል፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ነው» አለ፣ መንገድ መንገዱን እያየ።

«ታዲያስ?»

«ከሁለቱም ይሻላል።»

እንባው ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም። ልጁ ከሱፉ ኪስ ያቺን መወልወያ መዘዘችና ፊቱን ጠረገችለት።