ክላውድ ላይ የወጣው የልብ ምስል

ያኔ ወሰን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ውሃ ሲቆምም "አይቲው የታለ?" ነው። ከፋርማሲው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰርቨር ነበረኝ። ብረቱ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ይሠራል፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ በሉት። አንዱ የበሽተኛ ካርድ ይይዛል፣ አንዱ ሒሳብ፣ ትልቁ ደግሞ የአልትራሳውንድ ምስሎችን።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ ክላውድ የሚባል ነገር ይዘው መጡ። ሦስቱንም ማሽን በኢንተርኔት ልከን ውጭ አገር በኪራይ ኮምፒውተር ላይ እናስቀምጣለን፣ ከየትም ሆነን እንከፍታለን ነው ነገሩ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔን ያንገበገበኝ ጥድፊያው ነው። የተጣደፉትም ለሌላ አይደለም፣ የሰርቨሩን ክፍል ለፎቶ ኮፒ ቤት ሊያከራዩ ነው። ክፍሏ መንገድ ዳር ናት፤ ግድግዳዋ ቢፈርስ ሱቅ ይወጣታል። እኛ ከተማ መንገድ ዳር ያለ ግድግዳ ዝም ተብሎ አይታይም።

ትንንሾቹ ሁለቱ በደህና ሄዱ። ትልቁ ግን አሳሬን አበላኝ። መስመሩ ቀጭን ነው፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይቋረጥና እንደገና ከሀ ይጀምራል። እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስመሩ ትንሽ ስለሚፈጥን፣ ስንት እሑዴን እዚያች ክፍል ውስጥ ተወሽቄ አሳለፍኩ! በመጨረሻ ደረሰ። ከፍቼ አየሁት፣ ይሠራል።

"ዶክተር፣ ሰርቨሩን ለጥቂት ወራት እናቆየው። ኢንተርኔት ቢጠፋስ?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ! ይጠፋል፣ ይመጣል። ምስሉ እዚያ አለ አይደል እንዴ?"

"አለ፣ ግን..."

"አለ ካልክ ጨረስክ።"

የበሽተኛ ምስጢር ስለሆነ ዲስኮቹን አጽድቼ እንዳስረክብ አዘዙኝ። ደላላ አምጥተው ሰርቨሩን ሸጡት። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ፈረሰ።

ከደንበኞቻችን አንዷ ክሊኒኩ አቅራቢያ ካሉት ጋራዦች አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላት እናት ነበረች። ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ገና በሩ ላይ ሆና "ጌታ ይባርክህ ወንድሜ" ትለኛለች። የልጇ ልብ ላይ ቀዳዳ አለ። ልጅቷ ከጨቅላነቷ ጀምሮ የተነሣችው የልብ ምስል በሙሉ እኛ ጋ ነው። በዚያ ዓመት ልጆችን መርጠው ውጭ የሚያሳክሙ ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ሊመጡ ሆነ። እነሱ የዛሬውን ምስል ብቻ አይደለም የሚጠይቁት። ቀዶ ጥገናውን ትችላለች ወይ የሚለውን ለመወሰን በሽታው በየዓመቱ የሄደበትን ማየት ይፈልጋሉ። እናትየው ይህን ልትነግረኝ ፊቷ በርቶ ስትመጣ፣ በአገሩ ረብሻ ሳቢያ ኢንተርኔት ከተዘጋ ቀናት አልፈዋል።

"ጠፋ ማለት ነው?" አለችኝ።

"አልጠፋም፣ አለ። አሁን መክፈት ግን አንችልም።"

"ታዲያ የት ነው ያለው?"

"ውጭ አገር።"

"ልጄ መሄጃ ያጣችበት አገር እሱ ቀድሟት ሄደ?"

ኢንተርኔት ትልልቅ ሆቴሎች ጋ ይኖራል ተብሎ ሄድኩ፣ የለም። ከዚያ አንድ መካኒክ እንጦጦ ማርያም ጋ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ አለ። ጉድ እኮ ነው! ከምንጩ የተዘጋ ነገር ተራራ ስለወጡ እንደማይከፈት ተምሬዋለሁ። ግን ሄድኩ። እሷም ካልሄድኩ ብላ ሙጭጭ አለች። ታክሲው ዳገቱን እያቃሰተ አወጣን። ሰው የቤተ ክርስቲያኑን በር ይሳለማል፤ እኛ ብርዱ እያንዘፈዘፈን ባሕር ዛፍ ሥር ላፕቶፕ ከፍተን ቆመናል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ላፕቶፑ ላይ እጇን ጫነችና "በኢየሱስ ስም" ብላ ትጸልይ ጀመር። ሳቄ ሊመጣ ሲል እንባዬ ቀደመ። አልተከፈተም።

ሐኪሞቹ አዲሱን ምስል አይተው፣ ያለ ድሮዎቹ መወሰን አንችልም፣ ለከርሞ ትቆይ ብለው ሄዱ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ኢንተርኔቱ ተለቀቀ። ምስሎቹ ቁልጭ ብለው አሉ፣ አንድም አልጎደለ። ዶክተር ትከሻዬን መታ አድርገው "አየህ? ምን ጠፋ?" አሉኝ። ወይ ነዶ! እንጀራዬ ነውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዓመቱ ሐኪሞቹ ሲመለሱ ሁሉንም ገልብጬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። በቀዳዳው ሳቢያ የሳንባዋ ደም ሥር ግፊት በጣም ጨምሯል፣ አሁን ብትቀደድ አትተርፍም አሉ። አምናስ ብላ ጠየቀቻቸው። አምና ይቻል ነበር አሏት።

ከእነሱ ወጥታ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እስቲ የድሮውን አሳየኝ" አለች።

ከፈትኩላት። ለመክፈት ደቂቃም አልፈጀ። ግራጫው ምስል ላይ የልጇ ልብ ኩምትር፣ ዘርጋ ይላል፤ ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

"ይሄ መቼ ነው?"

"በአራት ዓመቷ።"

"ያኔ ትድን ነበር?"

"ትድን ነበር።"

ትንሽ አየችው። "በቃ ዝጋው" አለችኝና ወጣች። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ጋደም ብላ ትጠብቃት ነበር። ያን ጊዜ እስከ በሩ እንኳን መራመድ ስላቃታት፣ እናቷ ያን የሚያህል ልጅ አዝላ ሄደች።