በጉ ሣሩ አጠገብ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴም፣ ለንስሐ አባቴም። በየዐቢይ ጾሙ አባ ፊት ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በሥራ ብዛት የታጎለውን ጸሎት ሁሉ አንድ በአንድ ስናዘዝ ኖሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። «አባቴ፣ ሣር ሰርቄያለሁ» ልበል? ቢስቁስ? ስቀው «በይ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ቢሉኝስ? ይህኛው ነው የባሰ ያስፈራኝ፤ ኃጢአቴ ሣሩ ብቻ አልነበረማ።

እናንተን ግን አትሳቁ አልላችሁም። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። ብቻ ስቃችሁ እንዳትተዉኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ፀዳለ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የልደታ ልጅ ነኝ፤ እህቴ ሰላም አሁንም እዚያው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እኔ ግን ሥራ ብዬ ቆላ ከወረድሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የምሠራባት ከተማ ሜዳ ላይ ናት፤ ሜዳው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ዝናብ እንደ ቸኮለ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ደህና ናችሁ?» ብሎ ይሄዳል። ምጣቸውን የሚጠብቁ እናቶች ከጤና ጣቢያችን ግድግዳ ሥር የጥላውን መስመር እየተከተሉ በዚያ በሚፋጅ አሸዋ ላይ ሲንፏቀቁ ይውሉ ነበር። እነዚህን ሴቶች አንድ ቀን ሣር ላይ ባስቀምጣቸው አልሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር። መልካም ሐሳብ ስንቱን ክፉ ሥራ በነጠላው ሸፍኖ ያሳልፋል!

የማውቀው ሣር አንድ ብቻ ነው፤ የጋሽ ብርሃኑ ሣር። ጋሽ ብርሃኑ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ በልደታው ብሎካችን ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል የሚያክል ሣር አላቸው። የጋራ ነው ይባላል እንጂ የእርሳቸው ነው። በመቀስ ይከረክሙታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተንበርክከው በመካከሉ የሚሾልከውን ሰርዶ እየነቀሉ «ሌባ ሣር!» ብለው ወደ ቆሻሻ መጣያው ይወረውሩታል። ሰው የሚቀመጥበት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የግንቦት ልደታ ዕለት። ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወርዶ ንፍሮውን አብሮ ይበላል። ከሁሉ ቀድማ የምትወርደው ደግሞ ከድጃ ነበረች። ከድጃ አብሮ አደጌ ናት፤ ቤተሰቧ ከወሎ የመጣ፣ እሷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ የምትነግድ። ሙስሊም ናት፤ ቢሆንም የልደታን ንፍሮ ጨው ቀምሳ «በቃው» የምትለው እሷ ነበረች።

ከአራት ዓመት በፊት ለበዓሉ ፈቃድ ወጥቼ መጣሁ። በበዓሉ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ለኪዳን ስወጣ የሽንኩርት ቢላዋ ይዤ ወረድሁ። እዩልኝ፣ ለኪዳን ስወጣ! ከሣሩ ጥግ ተንበረከክሁ፤ ቢላዋውን ከማሳረፌ በፊትም አማተብሁ። ማን ነው አማትቦ የሚሰርቅ? እኔ ነኝ። የትራስ ስፋት ያህል በአራት ማዕዘን ቆረጥሁ፣ ከነአፈሩ አነሣሁ፣ በነጠላዬ ሸፈንሁ፣ አራተኛ ፎቅ አውጥቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸለይሁ። ብጠይቃቸውስ ኖሮ? እንቢ ይሉኛል ብዬ ነው። ከመስረቅ ይልቅ እንቢ መባልን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስመለስ ግቢው ውስጥ ችሎት ተሰይሟል። ከድጃ ለአረፋ የምትቀልበው በግ ከደረጃው ምሰሶ ጋር ታስሮ ያድር ነበርና ጋሽ ብርሃኑ መቀሳቸውን ይዘው ፊቱ ቆመዋል።

«ተከሳሽ፣ ቀጥ ብለህ ቁም!»

በጉ ያመሰኳል።

«ይኸው! ማስረጃውን እያጠፋ ነው!»

«ኧረ ጋሼ!» አለች ከድጃ ሆዷን ይዛ፤ ያን ጊዜ ገና ትስቅ ነበር። «ጠርዙን ይዩት እንጂ! በግ ከመቼ ወዲህ ነው በማስመሪያ የሚግጠው?»

«ያንቺ በግ የተማረ ነው።»

ጎረቤቱ ሁሉ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ጋሽ ብርሃኑ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ትናገር። ፀዳለ ዋሽታ አታውቅም። የኔ ልጅ፣ ለኪዳን ስትወጪ በጉ የት ነበር?»

ሻንጣዬን አሰብሁ። መዋሸት ኃጢአት ነው አልሁ በልቤ፤ ስለዚህ አልዋሸሁም።

«በጉ ሣሩ አጠገብ ነበር» አልሁ።

እውነት ነበር! ከሣሩ ሁለት እርምጃ ላይ ተኝቶ ነበር። ከእውነት ውሸት መሥራት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ። ሰዎቹ ዓይናቸው ጠርዙን እያየ ጆሯቸው እኔን አመነ። ከድጃ ሳቋን አቆመች። አየችኝ። ከዚያ በጓን ፈትታ እየጎተተች ሄደች።

በማግስቱ ሣሬን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መኪናው በቆመ ቁጥር ሻንጣዬን ገለጥ አድርጌ ውኃ ስረጭ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «የታመመ ሕፃን ነው እንዴ?» አሉኝ።

ቆላ ደርሼ በጠራራ ፀሐይ ተከልሁ፤ በጠራራ ፀሐይም ውኃ አርከፈከፍሁ። አሸዋው ጠጣና ረሳ። በሁለተኛው ሳምንት ሣሩ ገለባ መሰለ። ዘበኛችን ሐሰን በየጠዋቱ በላዩ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኛል፦ «ሲስተር፣ ዛሬስ እንዴት አደረ? ግሉኮስ እንስቀልለት?»

በአራተኛው ሳምንት ከጥጉ አንዲት ክር የምታህል ነገር ብቅ ብላ አሸዋው ላይ ተሳበች። ቀረብ ብዬ አየሁ። ሰርዶ! ጋሽ ብርሃኑ ሳይነቅሏት ያመለጠች፣ ያቺ ሌባ ሣር። ሐሰን አይቶ «ይቺ ትቆያለች፤ ግመል ቢረግጣትም ትስቃለች» አለኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ተማሪ ሆንን። አሸዋውን ስንዝር ተኩል ቆፍረን ከደረቁ ወንዝ ያመጣነውን ደለል፣ ውኃው እንዳያመልጥ፣ ከሥር አነጠፍን፤ በላዩ የከረመ የፍየል ፍግ ከአሸዋው ጋር አዋሕደን መለስን። ሰርዶዋን በየአንጓዋ እየቆረጥሁ አንድ በአንድ ተከልሁ። መጀመሪያ ላይ የጆንያ ጥላ ዘረጋንላት፤ ለፍየሎቹ ደግሞ እሾህ አጠርን። ሥር ስትሰድድ ውኃውን በሦስት ቀን አንዴ አደረግነው፤ ግን ጠለቅ አድርገን፣ ሥሯ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች እንዲወርድ፤ ያውም ፀሐይ ሳትወጣ። የምናጠጣት የልብስ እጣቢ ነው፤ ሰው በሚጠማበት አገር ንጹሕ ውኃ ለሣር ማፍሰስ ሌላ ኃጢአት ነው፣ የነበረኝም ይበቃኛል። እንደ ጋሽ ብርሃኑ ልሁን ብዬ አንዴ ከሥሯ ከረከምኋትና ፀሐይ ለበለበቻት። አሁን አራት ጣት አስቀርቼ አጭዳለሁ፤ ሣር ለገዛ ሥሩ ጥላ ነው።

ምን ልበላችሁ፤ ያቺ ክር ዛሬ አሥር ሴት የሚያስቀምጥ መስክ ሆነች! ሲመሽ ነፍሰ ጡሮቹ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይዘረጉበታል፤ ሕፃናት ይድሁበታል፤ ሐሰን ማንም በጫማ እንዳይረግጠው ዱላውን ይዞ ይንጎራደዳል። ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከልደታ» ስላልኋቸው ቦታውን ልደታ አሉት። «ነይ ልደታ ላይ እንቀመጥ» ይባባላሉ። ደስታዬ ወሰን የለውም። በሰማሁት ቁጥር ግን ጆሮዎቼ ይግላሉ።

ምክንያቱም ሰላም በየግንቦቱ ትደውላለች። «ከድጃ ዘንድሮም አልወረደችም። ንፍሮ ላክንላት፤ ሳህኑን ቴምር ሞልታ መለሰችው። ውረጂ ብላት ‹የሌባ በግ ባለቤት ሣር ላይ ምን ትሠራለች?› አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን አልወረደችም።»

ጋሽ ብርሃኑማ ጨዋታ ነበር ይላሉ፤ ለእርሳቸው ጨዋታ ነበር። ከድጃም የተቀየመችው በእርሳቸው አይደለም። አብሮ አደጓ እኔ፣ የማልዋሸው እኔ፣ ሌባዋም እኔ፤ በበጓ ላይ ያስፈረድሁትም እኔ ነኝ። ደግሞ የሚያስቀውን ስሙ፦ የሰረቅሁት ሁሉ ሞቶ የተረፈኝ ጋሽ ብርሃኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጥሉት ሰርዶ ነው። ብጠይቃቸው ኖሮ በጆንያ ሞልተው፣ መርቀው ይሸኙኝ ነበር። ከዚህ የባሰ ሞኝ ሌባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ዛሬ ግንቦት አንድ ነው። ትናንት ልደታ ገባሁ፤ ይህን የምጽፈው ሰላም ቤት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ታች ጋሽ ብርሃኑ የንፍሮው ድስት የሚጣድበትን ሲያሳዩ ይሰማኛል፦ «ሣሩ ላይ አይደለም! ከሣሩ ወዲያ!» እግሬ ሥር ሳፋ አለ፤ በሳፋው ውስጥ የትራስ ስፋት ያህል ለምለም ሰርዶ። ሲያዩት ይጮኻሉ። ይጩኹ።

ለእናቶቹ ብዬ ነው አልልም፤ እናቶቹ ስረቂልን አላሉኝም። ሣሩ ስለ ለመለመ እግዚአብሔር ወድዶታል አልልም፤ ልምላሜው የእርሱ ቸርነት ነው፣ ስርቆቱ የእኔ ነው። ጋሽ ብርሃኑ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከድጃዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ባትይኝም እውነት አለሽ። ይቅርታዬ የማይደርሰው ለበጉ ብቻ ነው፤ እርሱ ያኔውኑ ለአረፋ ሄደ፣ ስሙ እንደ ጎደፈ።

አሁን ሳፋዬን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ እወርዳለሁ፤ የከድጃን በር አንኳኳለሁ። ከዚያም ጋሽ ብርሃኑ ያንን ችሎት እንደገና ይሰይሙልኛል። ያን ቀን ቃሌን በግማሹ ነበር ያቆምሁት፤ ዛሬ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት እጨርሰዋለሁ። በጉ ሣሩ አጠገብ ነበር። ቢላዋው ግን በእኔ እጅ ነበር።